መስታወቱ እስኪገለበጥ

ዓይኔ ፎቶ የተነሣበትን መስታወት በጥጥ ጨርቅ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ በሌላው እጇ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ፣ ከምድር ቤቱ ወደ ላይ እየሮጠች ነበር። በዚያ ቤት መስታወት ይዞ መሮጥ ነውር ነው። ሕጉን ያወጣው ሰው ግን ላይኛው ፎቅ ተኝቶ ነፍሱ ልትወጣ ደርሳለች፤ ለአንድ ቀን ብትተላለፈው ማን ይከሳታል?

«ቀስ በይ እንጂ! ወድቀሽ አንቺንም ላስታምም ነው?» አለቻት አስታማሚዋ ከመኝታ ቤቱ በር ላይ።

«ነቅቷል?»

«ነቅተዋል። ከጠዋት ጀምሮ ‹መስታወቱስ?› ነው የሚሉት። ሾርባውን አልነኩትም።»

ዓይኔ የሚላት አባቷ ነው። የዓይኑ ብርሃን እየሸሸ ከመጣ ጀምሮ በማይክሮስኮፕ የምታይለት እሷ ስለሆነች ነው ስሙ የወጣላት። እያደር ጎረቤቱም ዩኒቨርሲቲውም ተቀበለውና፣ የማኅበረ ሊቃውንቱ ሊቀ መንበር ሳይቀሩ ባርኔጣቸውን አንስተው «እንደምን ዋሉ፣ እመቤት ዓይኔ» ይሏት ጀመር። ያ ኮስታራ ሊቀ መንበር «ዓይኔ» ሲል መስማት ሁልጊዜ ያስቃት ነበር። ዛሬ ግን ሳቅ ከቤቱ ርቋል።

ጠዋት ሐኪሙ መጥቶ፣ የሰንሰለት ሰዓቱን ከሰደርያው ኪስ አውጥቶ የአባቷን የልብ ትርታ ከቆጠረ በኋላ፣ ኮሪደሩ ላይ ለብቻዋ ጠርቶ «ወይ ዛሬ ነው ወይ ነገ። የሚጠራ ዘመድ ካለ ይጠራ» ብሏታል። ለአስታማሚዋም ትንሽ የነሐስ ደወል ሰጥቶ «የባሰበት ሲመስልሽ ደውዪ» አላት።

የሚጠራው ዘመድ ማን እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ታላቅ ወንድሟ ነው። የአባቱን መታመም ሰምቶ በባቡር መጥቶ ከጣቢያው ፊት ለፊት ካለው የእንግዳ ማረፊያ ወርዷል። ከዚያ ወዲህ ግን አልተሻገረም፤ አባትም ይምጣ አላለም። አንዱ «ሳይጠራኝ አልሄድም»፣ ሌላው «ስህተቱን ሳያምን አልጠራውም» ብለው በሁለት መንገድ ርቀት ተፋጠው ተቀምጠዋል። መሀል ላይ የምትቃጠለው እሷ ናት።

የጠባቸው ነገር ለሰው ቢነግሩት የሚያስቅ ነው። አባትና ልጅ በርስት ወይም በሴት ይጣላሉ፤ እነዚህ የተጣሉት ሁለት የአዮዲን አቶሞችን ለማለያየት ስንት ጉልበት ይፈጃል በሚል ነው።

አዮዲን ያው ቁስል ላይ የሚቀባው ነው። ጥቂት ፍሬ በመስታወት ቧንቧ ውስጥ ሲሞቅ ወይን ጠጅ የመሰለ እንፋሎት ይሆናል። በዚያ እንፋሎት ውስጥ አቶሞቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተጣምረው ይኖራሉ፤ በሞላ የተያያዙ ሁለት ኳሶች ብሎ ማሰብ ይበቃል። ነጭ ብርሃን በእንፋሎቱ አልፎ በፕሪዝም ሲበተን፣ ጥንዶቹ የየድርሻቸውን ብርሃን እየዋጡ ስለሚያስቀሩ በፎቶው ላይ ሰረዝ ሰረዝ የሆነ ክፍተት ይቀራል። እያንዳንዱ ሰረዝ ጥንዱ ከፊተኛው አንድ ደረጃ በርትቶ መርገብገቡን ይናገራል። ደረጃዎቹ ታዲያ እኩል አይደሉም። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር እየጠበቡ፣ እየተጠጋጉ ይሄዱና በመጨረሻ ሰረዝን ከሰረዝ መለየት የማይቻልበት ቦታ ይደረሳል። እዚያ ላይ ሞላው ተበጥሷል። ያንን ቦታ በትክክል የለካ ሰው የመለያየቱን ዋጋ ለካ ማለት ነው።

አባቷ በዚህ መንገድ ለክቶ ቁጥሩን አወጣ፤ የማኅበረ ሊቃውንቱን ካባም በዚያ ለበሰ። በዚያን ጊዜ የመጨረሻዎቹ ሰረዞች ደብዛዛ ስለነበሩ መጨረሻውን በዓይኑ አላየውም፤ የደረጃዎቹን መጥበብ ተከትሎ በስሌት ነበር የደረሰበት። ልጁ ደግሞ ብርሃኑን ትቶ በሙቀት መጣ። አዮዲኑን በታሸገ ብልቃጥ እያጋለ፣ ከእንፋሎቱ ግፊት ስንቶቹ ጥንዶች እንደተለያዩ አሰላ። የሱ ቁጥር ከአባቱ እጅግ ያነሰ ሆነ። በጉባኤው ቀን ካባ ለባሾቹ ሁሉ በተቀመጡበት ተነሣና፣ አባዬ ብሎት የማያውቅ ይመስል፣ «ክቡርነትዎ የሚያዩትን ሳይሆን ማየት የሚፈልጉትን ነው የሚያነቡት» አለው።

ወጣትነት አፉን አይመርጥም። ያን ሰሞን አባቷ የሰው ፊት መለየት እያቃተው መምጣቱን ለማንም አልተናገረም ነበር፤ ቃሉ የገባው እዚያው ቁስሉ ላይ ነው። «እኔ ልጅ የለኝም» ብሎ ካባውን ሰብስቦ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ የልጁ ስም በቤቱ አልተነሳም። ማንሳት ግድ ሲሆን «ብልቃጥ ቀቃዩ» ይባላል።

አሁን አባቷ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ከምድር ቤቱ ምድጃ ተነሥቶ በመኝታ ቤቱ ግድግዳ የሚያልፈው የብረት ቧንቧ ከራስጌው ጠጠር እንደሚያኝክ ሁሉ ቀጭ ቀጭ ይላል። ልጆች ሳሉ፣ እታች ቁጥር ሲሳሳቱ በዚያ ቧንቧ ሰምቶ «ድገሙት!» እያለ ይጮህባቸው ነበር።

«ዓይኔ? አንቺ ነሽ?»

«ነኝ አባዬ።» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና መስታወቱን እጁ ላይ አደረገችለት። ትናንት ቀኑን ሙሉ ብርሃን ስታጠጣው የዋለችው ነው። የአዮዲኑን የመስታወት ቧንቧ አስረዝማለች፤ እስከ ዛሬ ያልታዩት የመጨረሻዎቹ ሰረዞች ጥርት ብለው ወጥተዋል። አባቷ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ ሌላ የሚያይበት መንገድ የለውም።

«መጨረሻው የት ነው?»

«አንተ ካልክበት ነው። የአንዲት ፀጉር ያህል እንኳ ወዲያ ወዲህ አላለም።»

ሽማግሌው ፈገግ አለ። ጉንጩ ላይ የቀረው ቆዳ ተሸበሸበ። «ብልቃጥ ቀቃዩ ይስማ!»

«እሱም ትክክል ነው፣ አባዬ።»

አስታማሚዋ ፎጣ እያጠፈች ነበር፤ አቆመች።

«ምን አልሽ?»

«ያንተን ቁጥር ጻፍኩ። የወንድም ጋሼን ከሱ ቀነስኩ። የተረፈውን ሳየው አወቅሁት። አንተም እሱም በቃላችሁ የምታውቁት ነው። አንድ የአዮዲን አቶም ለብቻው ሲነቃቃ ተሸክሞት የሚዞረው ጉልበት ነው፤ እሱው ራሱ።» ትንፋሽ ወሰደች። «ብርሃን ጥንዱን ሲበጥሰው ሁለቱ እኩል አይሄዱም። አንደኛው ተቆጥቶ ነው የሚወጣው። ይዞት የወጣውን ከመለያያው ዋጋ ጋር ደመርነው። ያ ሲቀነስ የሚቀረው የሱ ቁጥር ነው። ሁለታችሁም በደንብ ለክታችኋል፤ መቀነሱን ነው የረሳነው።»

ቧንቧው ብቻ ቀጭ ቀጭ ይላል። ዓይኔ የአባቷን ቁጣ ትጠብቅ ነበር፤ የመጣው ግን ሌላ ነው። የማያዩት ዓይኖቹ ሞሉና በጉንጩ ወረዱ።

«በጉያው ይዞት የወጣውን» አለ በቀስታ፣ «እኔ ከመውጫው በር ዋጋ ጋር ቆጠርኩት። ይኼን ለጀማሪ ተማሪ የማስተምር ሰውዬ።»

«ልጥራው?»

«ገልብጠሽ ለክተሻል?»

ዓይኔ አንገቷን ደፋች። ውሸት ብትናገር ኖሮ የዚያ ቀን ነገር ሌላ ይሆን ነበር፤ ግን በዚያ ቤት ስለ ልኬት መዋሸት የተማረ ሰው የለም። በአባቷ ሕግ አንድ መስታወት አንዴ ብቻ ተለክቶ አይነገርም። ዓይን አድልዎ አለው፤ ሰረዙን ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን አስጠግቶ ያያል። መስታወቱ ተገልብጦ፣ የቀኙ ጫፍ በግራ ሆኖ፣ ከመጀመሪያው ሲለካ አድልዎው ተጣፍቶ እውነቱ ይቀራል።

«ገና ነኝ። ግን አባዬ፣ ጊዜ...»

«ጊዜውን ሐኪሙ ይጨነቅበት።» እጇን ፈልጎ ያዛት። «ስሚ። ልጄን አባርሬዋለሁ። ይቅር በለኝ የምለው በግማሽ ልኬት አይደለም። የምሰጠው ነገር ቢኖር ይኼው ነው፤ ጎደሎ አይሁንበት። ከገጠመ በራሴ አፍ እነግረዋለሁ።» ከዚያ እንደ መተከዝ አለና «ዓይንሽ ጠዋት ሙሉ ሠርቷል። ማን ያነብልሻል?» አላት።

«የሚያነብ አላጣም።»

«በዚህ ከተማ ያንን ማንበብ የሚችል ስንት ሰው አለ?»

መስታወቱን መልሳ በጨርቁ ጠቀለለችው። እሱም ደግሞ አልጠየቃትም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰና «በይ ሂጂ» አለ።

ካባዋን ደርባ ወጣች። ዝናብ ያረጠበው የድንጋይ መንገድ ያንሸራትታል፤ የጣቢያው ሠረገሎች ፈረሶቻቸው እየተነፈሱ በረድፍ ቆመዋል። ወንድሟን ያገኘችው በማረፊያው ሳሎን መስኮት አጠገብ፣ ካፖርቱን ቆልፎ ለብሶ ተቀምጦ ነው። ከቀናት ወዲህ እንደዚያ ለብሶ እንደሚውል አሳላፊው በኋላ ነግሯታል።

ሲያያት ተነሣ። «አለ?»

«አለ።»

«ጠራኝ?»

«መስታወቱ ከተገለበጠ በኋላ ይጠራሃል» አለችና የሆነውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ስትቀንስ የተረፈውን ቁጥር ገና ስትጀምርለት ከአፏ ነጥቆ ጨረሰው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«እሱ እንኳ ዓይኑ ደክሞ ነበር» አለ። «የኔ ዓይን ምን ሆኖ ነው ያላየሁት? ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ እኮ አላውቅም፣ እታለም። የሱን ማየት ያንገሸግሸኝ ነበር።»

«አሁን ተነስ። ወደ ላይ ውጣና እጁን ያዝ። ልኬቱን እኔ እንደምንም እጨርሰዋለሁ።»

«ዓይንሽ ቀልቷል፤ የማይክሮስኮፑ ክር ሁለት ሆኖ ነው የሚታይሽ። ከተሳሳትሽ እንዳልገጠመ ሆኖ ይቀራል።» ባርኔጣውን አነሣ። «ደግሞም ሳይጠራኝ አልገባም። እሱ ሙሉ ቁጥር ሊሰጠኝ ከፈለገ፣ እኔም ሙሉ ቁጥር ይዤ ነው ፊቱ የምቆመው።»

ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል። ዓይኔ በመንገድ ሙሉ ተቆጣችው፣ ለመነችው፣ በእናታቸው ነፍስ አማለችው። እሱ እርምጃውን አፈጠነ። በጓሮ በር አስገብታ በቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ አወረደችው።

ቤተ ሙከራው እንደነበረ ነው። የፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት የሚጎመዝዝ ሽታ፣ አርማታ ላይ የተተከለው ማይክሮስኮፕ፣ ወንድሟ ይቀመጥበት የነበረው አንድ እግሩ ያጠረ በርጩማ። በርጩማውን ሲያይ ቆም አለ። «አልጣለውም?»

«‹ለማገዶ ይሆናል› ይላል በየዓመቱ። ማገዶ ግን አልሆነም።»

ካፖርቱን አውልቆ ተቀመጠ። መስታወቱን ገልብጣ አስተካከለችለት። በማይክሮስኮፑ ውስጥ የተወጠረችውን የሸረሪት ድር ክር በብሎኑ እየገፉ እያንዳንዱ ሰረዝ ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ የብሎኑን ቁጥር ማንበብ ነው ሥራው። ብሎኑ መሄድ ያለበት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። አንዴ ወደ ኋላ ከተመለሰ ወይም እጅ ከተነሣለት ጥርሱ ስለሚላላ፣ የተለካው ሁሉ ተጥሎ ከመጀመሪያ ይጀመራል። ስለዚህ መስመር ላይ ያለን፣ ልኬት የጀመረን ሰው ማንም አያቋርጥም። እናታቸው በሕይወት ሳለች «ቤቱ ቢቃጠልም መስመሩ እስኪያልቅ እሳቱ ይጠብቃል» እያለች ትቀልድበት ነበር።

ጀመረ። ቁጥሩን በአሃዝ በአሃዝ ነጣጥሎ፣ ከፍ ባለ ድምፅ፣ የመጨረሻዋን ሳብ አድርጎ ያነባል። አባታቸው እንዲያ ነው ያስተማራቸው፤ ስቦ መጨረስ ግን የሱ የራሱ ነው። በልጅነቱ «ፍየል ትመስላለህ» ተብሎ ተቀልዶበት አልተወም። ዓይኔ እየጻፈች፣ ሳይታወቃት፣ ከስንት ዘመን በኋላ ደስ አላት። አባቷ እላይ፣ ወንድሟ እታች፣ ሁለቱም በአንድ ጣራ ሥር ነበሩ። ልክ ያልሆነው ነገር ጊዜው ብቻ ነው።

ሰረዞቹ መጠጋጋት ሲጀምሩ ከላይ አልጋው ሲያቃስት ሰማች። ብዕሯን አቆመች። ጆሮዋን ወደ ደወሉ ጣለች። ደወሉ አልጮኸም። ልትናገር አፏን ስትከፍት ወንድሟ ዓይኑን ሳያነሳ ግራ እጁን ከፍ አደረገ፤ ቆይ ማለቱ ነው። ቆየች። ከዚያች ቀን በኋላ በኖረችበት ዘመን ሁሉ፣ ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳት፣ የምትመለሰው ወደዚያች ዝምታ ነበር። አስታማሚዋ ትደውል የለም እንዴ? ብላ ነው ዝም ያለችው። ብሎኑ ላይ የነበረው እጅ ቢነሣ ደግሞ ሁሉም ከመጀመሪያ ነበር።

የመጨረሻው ሰረዝ ደረሰ። ከሱ ወዲያ ክር የሚያርፍበት ነገር የለም፤ ወጥ የሆነ ጥላ ብቻ ነው። ወንድሟ አነበበ፣ እሷ ደመረች፣ ከጠዋቱ ጋር አስተያየች።

«ገጥሟል» አለች።

«ድገሚው።»

«ገጥሟል፣ ወንድም ጋሼ! ገጥሟል አልኩህ!»

ተቃቀፉ። እሱ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረ። «እንግዲህ ሂጂ ንገሪውና ጥሪኝ» አላት፤ ያም ሆኖ ግን አልጠበቀም። ተከትሏት ወጣ፤ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጠ አለፋት፤ «አባዬ!» እያለ ነበር የወጣው። ያንን ቃል ከአፉ ከሰማች ስንት ዓመቷ ነው።

አስታማሚዋ በሩ ላይ ቆማለች። ዓይኗ አብጧል። አልከለከለቻቸውም፤ ገለል ብላ አሳለፈቻቸው።

ሽማግሌው ወደ ቧንቧው በኩል ዞሮ፣ ጆሮውን ወደ ብረቱ አስጠግቶ ተኝቷል። ፊቱ የሆነ ነገር የሚያዳምጥ ሰው ፊት ነው። የነሐሱ ደወል ደረቱ ላይ ነበር፤ የደወሉን ምላስ በጣቶቹ ጨምድዶ ይዞታል።

«ለምን አልደወልሽም?» አለች ዓይኔ። ድምፅዋ የሷ አይመስልም። «ለምን? ተነግሮሽ አልነበረም?»

«ልደውል ነበር እኮ!» አስታማሚዋ ሳግ ያዛት። «የወንድምሽን ድምፅ በቧንቧው ሲሰሙ ቀና ሊሉ ሞከሩ። ‹ማነው የሚያነበው?› አሉኝ። እኔ ምን አውቄ። እሳቸው ግን አወቁ። ሳቁ። ከዚያ ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ደወሉን አነሣሁ፤ ከእጄ ነጠቁኝ። በዚያ አቅማቸው! ‹አታቋርጫቸው፤ መስመር ላይ ናቸው› አሉኝ። ልሮጥ ስል ደግሞ ቀሚሴን ያዙ። ከዚያ ወንድምሽ ያነበቡትን ሁሉ በከንፈራቸው ይከተሉ ነበር። አንድ በአንድ። በኋላ ከንፈራቸው ቆመ። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ...»

ወንድሟ በቆመበት ቀረ። «ሌላ ምን አለ?» አለ በመጨረሻ። «ስለ ቁጥሩ... ስለ እኔ ምንም አላለም?»

አስታማሚዋ አሰበች። የማታውቀውን ነገር አሳምራ መናገር የማትችል ሰው ናት። «ስለ ቁጥሩ አንድም አልተናገሩም። ‹ዛሬም መጨረሻዋን ይስባል› አሉ። ይኼን ብቻ ነው የሰማሁት።»

ዓይኔ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ቅድም በተቀመጠችበት ቦታ ተቀመጠች። ስታለቅስ ድምፅ አላሰማችም። ወንድሟ ጎንበስ ብሎ የአባቱን ጣቶች አንድ በአንድ ፈታቸውና ደወሉን አወጣው። ነፃ ሲወጣ አንዴ ቀጭን ድምፅ ሰጠ፤ ሦስቱም ደነገጡ። ራስጌው ላይ አስቀመጠውና ወንበሩን ስቦ፣ ቧንቧው ካለበት በኩል፣ ከአባቱ ጆሮ አጠገብ ተቀመጠ።

«መጨረሻውን አልሰማም» አለ። «ስጪኝ፣ እታለም።»

ወረቀቱን ሰጠችው። በሁለት እጁ ያዘው። ሰረዞቹ መጠጋጋት ከጀመሩበት ተነሣና፣ በአሃዝ በአሃዝ ነጣጥሎ፣ የያንዳንዷን መጨረሻ ሳብ እያደረገ፣ ሰረዝና ሰረዝ እስከማይለይበት ድረስ አነበበለት። የሚቀነሰውንም ቀንሶ፣ የቀረውን አነበበ።

ማንም አላቋረጠውም።